ጥቁሯ የኮት ቁልፍ

ዛሬ ጠዋት ክፍል ውስጥ የጋውኔ ቁልፍ ተበጥሳ ወደቀች። ሲሚንቶው ላይ ጠብ አለችና እየተንከባለለች ከፊተኛው ዴስክ ሥር ገባች። ልክ በዚያች ቅጽበት ተማሪዎቼን «ገባችሁ?» ብያቸው፣ ክፍሉ በሙሉ ባንድ አፍ «አዎ!» ብሎ መልሶልኝ ነበር። አንቺም አስተማሪ ነሽና ያንን «አዎ» ታውቂዋለሽ፤ መስኮቱን ያናውጣል እንጂ ውስጡ ምንም የለም። እኔ የቁልፏን ድምፅ ስሰማ ጠመኔዬን እንደያዝኩ ቀጥ ብዬ ቀረሁ። ይኸው ልጆች ወልጄ፣ ደሞዝተኛ ሆኜ፣ የልብስ ቁልፍ ሲወድቅ በሰማሁ ቁጥር ነገ ፈተና ያለብኝ ይመስለኛል።

ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። እስካሁን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበርን። አሥረኛ ክፍል ላይ አገር አቀፍ ፈተና የነበረበት ጊዜ ነው፤ ያለፈ መሰናዶ ይገባል፣ የወደቀ የራሱን መንገድ ይፈልጋል። ትምህርት ቤቱም «አንድ ለአምስት» እያለ ያደራጀን ነበር፤ አንድ ጎበዝ ተማሪ አምስት ሰው ይዞ እንዲያስጠና። እኛም ስድስት ሆነን ተመደብን፤ ሁለቱ ግን ከስማቸው በቀር መጥተው አያውቁም። አራታችን ቀረን።

አለቃችን የክፍሉ አንደኛ ነበር። ቀጭን፣ በዚያ በአዳማ ሙቀት ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ልጅ። ሰፈሩ ገና ከሕፃንነቱ «ዶክተር» እያለ ይጠራው ስለነበር ኳስ ሲጫወት እንኳ ሰው እንዳያየው ይሳቀቃል። ሁለተኛው የልብስ ሰፊው ልጅ ነው፤ አፉ የማያርፍ፣ መምህሮቻችንን እያስመሰለ በሳቅ የሚገድለን። የምናጠናውም እነሱ ሱቅ በረንዳ ላይ ነበር። ሦስተኛዋ የመቂዋ ልጅ ናት። ለትምህርት ብላ አዳማ አክስቷ ቤት የተቀመጠች፣ በኦሮምኛ አፏን ፈትታ አማርኛውን በኋላ የተማረች፣ አንዲት ነገር ከመናገሯ በፊት ብዙ የምታስብ ልጅ። አራተኛዋ እኔ ነኝ፤ እኔን ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ ጭንቀታም።

እውነተኛው ጭንቅ የነበረው ግን የመቂዋ ልጅ ላይ ነው። አባቷ ከሞቱ በኋላ መቂ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማው ታላቅ ወንድሟ ነበር፤ የቤቱም ቃል የሱ ነው። «መሰናዶ ከገባሽ አዳማ ትቆያለሽ፤ ካልገባሽ ተመልሰሽ ከእኛ ጋር ትሠሪያለሽ» ብሏታል። ክፉ ሆኖ አይደለም፣ የሚሠራ ሰው አንሶት ነው። እሷ ደግሞ ነርስ መሆን ትፈልግ ነበር። ይህን የነገረችኝ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እሷ የኬሚስትሪ መጽሐፏን በከፈተች ቁጥር የማልበው እኔ ሆንኩ።

ያቺ በረንዳ እስከዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለች። እርጥብ ጨርቅ ላይ የሚሄድ የከሰል ካውያ፣ የስፌት መኪና ዘይት፣ ውሃ ያልነካው አዲስ ጨርቅ። ከኋላችን መኪናው ይንቀጠቀጣል፣ ከፊታችን ባጃጁ ጥሩምባውን ይነፋል፣ ንፋሱ አቧራውን አንስቶ ደብተራችንን ያለብሰዋል። ጋሼ፣ ማለት ልብስ ሰፊው፣ ብዙ አይናገሩም ነበር፤ መርፌ በከንፈራቸው ይዘው በዓይናቸው ነው የሚያዙን። የወሎ ሰው ናቸው። የሶላት ሰዓት ደርሶ መኪናውን አቁመው ሲነሱ በረንዳው ጸጥ ይልና የራሴ ልብ ድው ድው ሲል ይሰማኛል።

አሠራራችን እንዲህ ነበር። እያንዳንዳችን አንድ አንድ ትምህርት ይዘን እናነብና ለሌሎቹ እናስተምራለን። አለቃችን ፊዚክስ፣ እኔ ሒሳብ፣ የልብስ ሰፊው ልጅ ኬሚስትሪ፣ የመቂዋ ልጅ ባዮሎጂ። አንዱ አስተምሮ ሲጨርስ «ገባችሁ?» ይላል፤ እኛ «ገባን» እንላለን። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ስንባባል ከረምን። አለቃችን ፊዚክስ ሲያስረዳ እንዴት ያምርበት ነበር መሰለሽ! እጁ ይሄዳል፣ ላቡ ይንቆረቆራል። መሀል ላይ አስቁሜ «ቆይ፣ አልገባኝም» ልበለው? እንዴት ብዬ? ሁሉም ራሱን እየነቀነቀ እኔ ብቻ ደደብ ልሁን? ደግሞስ ለእኛ ብሎ አይደል የሚለፋው? ስለዚህ እኔም ራሴን እነቀንቃለሁ፤ ማታ ቤቴ ገብቼ ደብተሬን ስከፍት ግን አንዲት ነገር የለችም።

ከዚያ ሞዴል ፈተናው መጣ። ፊዚክስ ላይ ከአለቃችን በቀር ሦስታችንም ወደቅን።

ወረቀቶቻችንን በረንዳው ላይ ዘርግተን ተቀመጥን። አለቃችን የያንዳንዳችንን አንስቶ አየና ፊቱ ጠቆረ። «ገባን ትሉኝ አልነበር?» አለ። «ታዲያ ለማን ነበር የማስተምረው?» ሲል ድምፁ ወደ ልቅሶ አደላ። የልብስ ሰፊው ልጅ እንኳ፣ ያ አፈኛ፣ ጥፍሩን መብላት ጀመረ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በዚህ መሀል ነው የመቂዋ ልጅ የተናገረችው። ቀስ ብላ፣ ቃሉን እየመረጠች። አባቷ በሕይወት ሳሉ ከጎረቤቶቻቸው ጋር አንድ የውሃ ሞተር በጋራ ነበራቸው አለች። ውሃው ለማን ይቅደም ሲባል ሁሉም ዘመድ፣ ሁሉም ጎረቤት ነውና ፊት ለፊት እምቢ የሚል የለም። «እሺ፣ እሺ» ተባብለው ይለያዩና ማሳው ሲደርቅ ይኳረፋሉ። በኋላ አንድ ሽማግሌ ዘዴ አመጡ። እያንዳንዱ ሰው በጭብጡ አንዲት ፍሬ ይዞ ጣሳ ውስጥ ይጥላል፤ የተስማማ በቆሎ፣ ያልተስማማ ባቄላ። ባቄላውን ማን ጣለው ተብሎ አይጠየቅም፤ ባቄላ ከተገኘ ግን ነገሩ እንደገና ይወራል።

«እኛም ገባኝ፣ አልገባኝም በአፋችን አንበል» አለች። «አፋችን ይሉኝታ አለው።»

የልብስ ሰፊው ልጅ ብድግ ብሎ ገባና የዱቄት ወተት ጣሳና አንድ እፍኝ ቁልፍ ይዞ ወጣ፤ ነጩ የሸሚዝ፣ ጥቁሩ የኮት። ለያንዳንዳችን አንድ ነጭና አንድ ጥቁር ሰጠን። የገባው ነጯን ይጥላል፣ ያልገባው ጥቁሯን፤ የተረፈችውን በጭብጡ ይዞ ወደ ጋሼ መሳቢያ ይመልሳታል። አስተማሪውም አብሮ ይጥላል። የኮት ቁልፍ ከበድ ስለሚል ድምፁ እንዳያሳብቅ ጋሼ ጣሳው ውስጥ ቁራጭ ጨርቅ አነጠፉልን። ጥቁር ከተገኘ የሚያስተምረው ሰው ማንንም ሳያይ፣ ዓይኑን የተሰቀሉት ልብሶች ላይ አድርጎ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ማን ነው ብሎ መጠየቅም፣ እኔ ነኝ ብሎ መናገርም የለም። ሕጋችን ይኸው ሆነ።

አለቃችን ያንኑ ቀን ከፊዚክሱ አንዷን ነገር አስረዳና «ጣሉ» አለ። ጥቁሯን ጥዬ ጭብጤን ብብቴ ሥር ደበቅኩ። ጣሳው ሲገለበጥ ሦስት ጥቁርና አንዲት ነጭ ወጣ፤ ነጯ የራሱ የአስተማሪው ናት። ለካ አንዳችንም አልገባንም! ለካ እኔ እነሱን አይቼ፣ እነሱም እኔን አይተው ነው ስንነቀንቅ የከረምነው። መጀመሪያ የልብስ ሰፊው ልጅ ሳቀ፣ ከዚያ አለቃችን፣ ከዚያ ጋሼም መርፌያቸውን ከአፋቸው አውጥተው ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ፍርሃቱ መጣ። ፈተናው ደርሷል፣ እኛ ገና ከሀ ልንጀምር ነው።

ጀመርን። ሚያዝያው አልቆ ግንቦት ገባ፣ ቆርቆሮው በፀሐይ ይንጣጣል፣ እኛ እንጥላለን፣ እንገለብጣለን፣ እንደግማለን። ጥቁሩ እየቀነሰ መጣ። ሎጋሪዝምን የሠራንበት ሳምንት አለቃችን ወባ ጥሎት ተኝቶ ነበር፤ ሲመለስ «አንብቤዋለሁ» አለን፣ እኛም በዚያው አለፍን። አለቃችን ጥቁር ይጥላል ብሎ ማን ያስባል? ዶክተር ነው እኮ። የመቂዋ ልጅ በሒሳቡ ገሰገሰች፤ ሎጋሪዝም ላይማ አንድ ሁለቴ እኔን አርማኛለች። ኬሚስትሪው ግን አልያዝላት አለ። የሞል ስሌት ላይ ስትደርስ ግንባሯ ቋጠሮ ይሆናል፤ ወንድሟ በስልክ «እንዴት ነው?» ሲላት «ደህና ነው» ትለዋለች፤ ከዘጋችው በኋላ ስልኩን ለረጅም ጊዜ ታየዋለች። አንጀቴን ትበላኝ ነበር።

ፈተናው ከመጀመሩ በፊት በነበረው የመጨረሻ እሑድ ከሰዓት ተገናኘን። ዕቅዱን ተነጋግረን ወስነናል፤ ሒሳቡን ቶሎ እንከልስና የቀረውን ጊዜ በሙሉ ለኬሚስትሪ እንሰጣለን፣ ለሷ ሲባል። እሷ ደግሞ ጀንበር ሳትጠልቅ አክስቷ ቤት መግባት አለባት፤ ይህ የማይነካ ነገር ነው። ስለዚህ እየሮጥኩ ነው ያስተማርኩት። መጨረሻ ላይ ሎጋሪዝሙን ከለስኩና «ጣሉ» አልኩ። ጣሳውን ገለበጥኩት።

ሦስት ነጭ፣ አንዲት ጥቁር።

ክው አልኩ። በመጨረሻው ቀን! ፀሐይዋ ዞራ የበረንዳው ደረጃ ላይ ደርሳለች፤ ኬሚስትሪው ገና አልተነካም። የልብስ ሰፊው ልጅ «አንዲት ናት፣ ዛሬስ ትለፍ። ባለቤቷ ቤቱ ሄዶ ያንብብ» አለ። እኔም ልቤ ከሱ ጋር ነበር። ሁላችንም ወደ አለቃችን አየን፤ ምንጊዜም ነገር የሚቆርጠው እሱ ነውና። አለቃችን አጎንብሶ የጫማውን ክር እያጠበቀ «እንደፈለጋችሁ» አለ። እንደፈለጋችሁ ብሎ የማያውቅ ልጅ።

ልናልፈው ነው። የልብስ ሰፊው ልጅ የኬሚስትሪ ደብተሩን ገልጧል። የመቂዋ ልጅ ደብተሩን አየችው፣ ከዚያ እጇን ጣሳው ላይ ጫነች።

«የኔ ናት» አለች።

እኔ ነኝ ማለት ሕግ ማፍረስ ነው፤ ሕጉን ደግሞ ያመጣችው ራሷ ናት።

«ጥቁሯ የኔ ናት። ሎጋሪዝሙን ከመጀመሪያው ንገሩኝ።»

አልዋሽሽም፣ ተናደድኩባት። ባለፈው ሳምንት እኔን ያረመች ልጅ ዛሬ ምን ነካት? ጭንቀት ነው ያስረሳት አልኩ። «ኬሚስትሪውስ?» ብላት «ይደርሳል» አለችኝ። ምን ላድርግ፣ ዓይኔን አንድ የሠርግ ሱፍ ላይ ተክዬ ጀመርኩ። እሷ በየመሀሉ እያስቆመች ትጠይቀኛለች፤ የምትጠይቀውም ልክ ሰው የሚሰናከልበት ቦታ ላይ ነው። ከጎኗ የአለቃችን እስክሪብቶ ሲጭር ይሰማኛል። ልብ አላልኩትም። እኔ የማየው ደረጃውን እየለቀቀች ያለችውን ፀሐይ ነበር።

ስንጨርስ እንደገና ጣልን። አራቱም ነጭ። እልል ልል ትንሽ ቀረኝ። ቀና ስል ጋሼ የሱቁን መዝጊያ ለማውረድ ቆመው ይጠብቁናል፤ ሰማዩ ቀልቷል። የመቂዋ ልጅ ነጠላዋን አንስታ ተነሳች። የልብስ ሰፊው ልጅ ደብተሩን ይዞ «በመንገድ እነግርሻለሁ» እያለ ተከተላት። በዚያ አቧራ ውስጥ፣ በባጃጅ መሀል፣ የኬሚስትሪ መምህራችንን ድምፅ እያስመሰለ የሞል ስሌት ሲያስረዳት ከሩቅ ይሰማን ነበር። እሷም ትስቃለች። እኔና አለቃችን ቆመን አየናቸው። ከዚያ እሱ ደብተሩን ይዞ ሄደ።

ፈተናው ላይ ሎጋሪዝም እንደጉድ መጣ። ክረምቱን በሰቀቀን አሳለፍነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አንድ ቀን ውጤት ተለቀቀ ተባለ፤ ሦስታችን አለፍን፣ አለቃችንማ ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ወጣ። የመቂዋ ልጅ በትንሽ ነገር ቀረች። ኬሚስትሪው ጎተታት።

ወንድሟ ሊወስዳት ሲመጣ መናኸሪያ ድረስ ሸኘናት። ያስፈራኝ የነበረው ሰው ትሑት ሆኖ አገኘሁት፤ የሁላችንንም እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ፣ ያጠፋ ይመስል ዓይናችንን ማየት ፈራ። አለቃችን ሻንጣዋን ከሰው ነጥቆ መኪናው ላይ ሰቀለላት፤ ከዚያ መጥቶ ሊናገር አፉን ከፍቶ ተወው። እሷ በመስኮት አንገቷን አውጥታ «አይዟችሁ» አለችን። እኛን! እሷ እኛን! መኪናው ከወጣ በኋላ ነው ያለቀስኩት።

አለቃችን ሐኪም ሆነ፤ አዲስ አበባ ነው። በዓል በመጣ ቁጥር ይደውልልኛል፤ ታዲያ እኔን እንዴት ነሽ ሳይል በፊት «የመቂዋ ልጅ ደህና ናት?» ይለኛል። ስልኳን ልስጥህ ስለው «አይ፣ ደህና ከሆነች ይበቃኛል» ይላል። እኔ ሞኟ ይወዳታል ብዬ ነበር የማስበው።

ዓምና ለሥልጠና ባቱ ሄጄ ስመለስ ሚኒባሳችን መቂ ላይ ቲማቲም ልንገዛ ቆመ። አንዲት ሴት ሽንኩርት የሚጫንበት አይሱዙ ሥር ቆማ ከደላላ ጋር ትከራከራለች፤ በስልክ እንጂ በአካል ለዓመታት ስላልተያየን በድምፅዋ አወቅኳት። ያቺ ቃል ስትመርጥ የምትውል ልጅ፣ ደላላውን መግቢያ አሳጥታዋለች። «አካም ጅርታ?» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ እጇ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። ሾፌሩን ለምኜ አንድ ሻይ ጠጣን። ወንድሟ አግብቶ ልጆች ወልዷል፤ እሷም የራሷ ማሳ አላት፣ የአካባቢውን የውሃ ተራ የምታስይዘውም እሷ ናት። ስንሳሳቅ ያ እሑድ ትዝ አለኝና በቀልድ አነሳሁባት። ያን ቀን ሎጋሪዝም ድገሚ ብለሽ እንዴት እንዳናደድሽኝ ብታውቂ አልኳት።

ሳቀች። ከዚያ ብርጭቆዋን እያዞረች «ያቺ ጥቁር እኮ የኔ አልነበረችም» አለችኝ።

«የማን ነበረች?» አልኩ፤ ሳልጠይቅም የገባኝ ይመስለኛል።

«አጠገቤ አይደል የተቀመጠው? የተረፈችውን ወደ መሳቢያው ሲመልሳት አየኋት። ነጯን ነው የመለሳት።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ተናገርኩ እኮ» አለች። «የኔ ናት አልኩ።»

ኬሚስትሪውን እንዴት ብዬ ልጠይቃት? እሷው አወቀችልኝ። «ኬሚስትሪው ለኔ አንድ ከሰዓት አይበቃውም ነበር» አለች። መኪናው ላይ የሚወረወረውን ጆንያ እያየች፣ «ምናልባት» ብላ ጨመረች። ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ስሰናበታት ለሱ እንዳልነግረው አላስጠነቀቀችኝም፣ ንገሪውም አላለችኝም።

ለካ እሱ ያን ጊዜም ያውቃል። ጥቁሯን የጣላት ራሱ፣ «የኔ ናት» ስትል የሰማው ራሱ። በዓል ሲመጣ ስልኬ ሲጮህ አሁን ቶሎ አላነሳውም። አንዳንዴ አውቄዋለሁ ልለው አፌ ላይ ይደርሳል፤ ግን ይህ እኔ ብቻዬን የምወስነው ነገር አይደለም፣ አይደል? አራት ሆነን የምንወስነው ነበር፤ አራታችን ደግሞ ከዚያ መናኸሪያ ወዲህ አንድ ላይ ተቀምጠን አናውቅም።

ዛሬ ጠዋት ቁልፏን አንዲት ልጅ ከዴስኩ ሥር አውጥታ ሰጠችኝ። ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት፣ ታምኚያለሽ፣ ያው ሎጋሪዝም ነው። ቁልፏን በጭብጤ ይዤ ልጆቹን አየኋቸው፤ ሁሉም ራሱን እየነቀነቀ ነው።

«እናንተስ ገብቷችኋል» አልኳቸው። «ያልገባኝ እኔ ነኝ። ለኔ ስትሉ ከመጀመሪያው እንየው።»

ቲቸር ቀለደች ብለው ሳቁ። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ጀመርኩ። ሳቁ በረድ ሲል ከኋላ ወንበሮች በኩል የአንድ ሰው እስክሪብቶ ሲጭር ሰማሁ። ማን እንደሆነ ዞር ብዬ አላየሁም።